ሴንት ሄለና ለሥራ ለምትሄጂው እህቴ፦ ስለ ሽንኩርት ጠይቂኝ

እህቴ፣ «ሴንት ሄለና የምትባል ደሴት ላይ የሁለት ዓመት ኮንትራት ቀርቦልኛል፤ ለመሆኑ ሰው ይኖርባታል? ገበያ አለ? ምን ይዤ ልሂድ?» ያልሽውን አየሁት። እኔና ባለቤቴ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 እዚያ ኖረናል። ኮንትራቱ የእሷ ነበር፣ ነርስ ናት፤ እኔ ሻንጣ ተሸክሜ ተከተልኳት። ስለዚህ ስለ ሥራው ብዙ አልልሽም፤ ስለ ሽንኩርት ግን ጠይቂኝ።

ደሴቷ የእንግሊዝ ግዛት ናት፣ ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል፤ ከአንጎላና ከናሚቢያ ጠረፍ ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስፋቷ 122 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፣ በቃ። ከአውሮፕላን ስትወርጂ የሚቀበልሽ ደረቅ፣ ቡናማ ገደል ነው፤ ባለቤቴ «አፋር አመጣኸኝ እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ ያመጣኋት ይመስል። ግማሽ ሰዓት ሽቅብ ስትነጂ ግን ጉም፣ ሣርና ላም፤ ሐምሌ ላይ እንጦጦ የወጣሽ ይመስልሻል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ቁልቁል የሚወርደው ለሚወጣው ያሳልፋል፤ የተላለፈ ሁሉ ደግሞ እጁን ያነሳል። ሰላምታውን ዝም ብለሽ ካለፍሽ ማታ ወሬው ቤትሽ ደርሶ ይጠብቅሻል።

ስሟን ልብ አልሽው? ፖርቱጋሎች በ1502 ሲያገኟት በቅድስት ሄለና ሰየሟት፤ ያቺው የቆስጠንጢኖስ እናት፣ ደመራ የምናበራላት ንግሥት እሌኒ ማለት ናት። በየዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 13 ቀን በዓሏ ነው፣ ሥራ ዝግ ነው። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግን የለም፤ አብዛኛው ሰው አንግሊካን ነው።

ሰው አለ ወይ ላልሽው፣ በ2021 ሕዝብ ሲቆጠር እኛንም ጨምሮ 4,400 ገደማ ነበርን። ራሳቸውን «ሴይንትስ» ይላሉ፣ ቅዱሳን መሆናቸው ነው። ደሴቷ ስትገኝ ሰው ስላልነበረባት ሁሉም የመጤ ዘር ነው፦ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከ1659 ጀምሮ ያሰፈራቸው፣ ከማዳጋስካርና ከእስያ በባርነት የተጫኑ፣ ከቻይና የመጡ ሠራተኞች፣ ወታደሮች። በአንድ ቤት ውስጥ የሁሉም መልክ አለ። ሰው ሁሉ የሚያነሳው የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንን ነው፤ ከ1815 ጀምሮ ታስሮ በ1821 እዚያው ሞተ፤ ቤቱ ዛሬም የፈረንሳይ ንብረት ነው። ሂጂና እይው። እኔን የነካኝ ግን የሩፐርት ሸለቆ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከባሪያ ነጋዴ መርከቦች ያስጣላቸውን ከ25,000 የማያንሱ አፍሪካውያን እዚህ አራገፈ፤ ሺዎች በበሽታ አለቁ። በ2008 ለአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ሲቆፈር የ325 ሰዎች አፅም ወጣ። እኛ እያለን እንኳ አፅማቸው ገና በሣጥን ነበር፤ እንደገና የተቀበሩት በ2022 ነው።

አሁን ወደ ኑሮው። ድሮ ደሴቷ የምትኖረው ከቃጫ ነበር፤ ገመድና ሲባጎ ይሠሩበታል። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ወደ ሰው ሠራሽ ሲባጎ ሲዞር ፋብሪካዎቹ በ1966 ተዘጉ። ተክሉ ግን እስከ ዛሬ ተራራውን ሞልቶታል፣ ቆራጭ የለውም። ከዚያ ወዲህ ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከለንደን ነው፤ ወጣቱ ደግሞ እንደ እሷው የእንግሊዝ ደሴቶች ወደሆኑት አሴንሽንና ፎክላንድ፣ ወደ እንግሊዝም ለሥራ ይሄዳል። እኛ ዘንድ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት እንደማይገኝ ሁሉ፣ እዚያም አያት የልጅ ልጅ ሲያሳድጉ ታያለሽ። 285 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት አውሮፕላን ማረፊያ ቱሪስት ያመጣል ተብሎ ተሠራ፤ ነፋሱ አስቸግሮ ስለነበር ግን መደበኛ በረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2017 ነው። እኛ በሄድን በዓመቱ ኮቪድ መጣና የጆሃንስበርግ በረራ ተቋረጠ፤ ከእንግሊዝ አልፎ አልፎ በሚመጣ ኮንትራት አውሮፕላን ብቻ ቀረን። በሽታው ግን ሕዝቡ ውስጥ ሳይገባ ወጣን።

ሽንኩርት። ዕቃው በሙሉ ማለት ይቻላል በወር አንዴ ገደማ ከኬፕታውን በመርከብ ይመጣል። መርከብ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚያልቀው ሽንኩርትና ድንች ነው። እኛ ደግሞ ለአንድ ድስት ወጥ ስንት ራስ እንደምንከትፍ ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ ዋና ከተማዋ ጄምስታውን ካለች ሱቅ ገብቼ ሦስት ኪሎ ስጠይቅ፣ ባለሱቋ እናት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ምግብ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?» አሉኝ። ሁለት ራስ ሰጡኝ። እሑድ ዶሮ ወጥ ሠርተን አንድ ሳህን ወሰድንላቸው፤ በርበሬው ዓይናቸውን አስለቀሳቸው፣ ግን ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መርከብ በገባ ቁጥር አንድ ከረጢት ከባንኮኒው ሥር ትቆየን ጀመር። ገበያው ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፦ ከገንዘብሽ ይልቅ ማን እንደሆንሽ መታወቁ ይጠቅምሻል። መታወቁ ደግሞ አንዳንዴ ይሰለቻል፤ ማን ቤት እንዳመሸሽ ሁሉም ያውቃል።

ቡና ስጪኝ ካልሽም አለ። በ1733 ከየመን ሞካ በመጣ ዘር የተተከለ ነው፤ ያው የእኛው የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ዋጋው እሳት ስለሆነ እኔ ለእንግዳ ብቻ ነበር የማፈላው።

ለመያዝ ያህል፦ የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬና ሽሮ በደንብ አሽገሽ ያዢ፣ ስትገቢም አስመዝግቢ። ጥሬ ቡና እንደ ዘር ሊታይብሽ ስለሚችል ቀድመሽ ጠይቂ። ጥሬ ፓውንድ ይኑርሽ፤ በእኛ ጊዜ የገንዘብ ማውጫ ማሽን አልነበረም። ኢንተርኔቱ ያኔ በሳተላይት ስለነበር እናቴን በቪዲዮ ማየት ቅንጦት ነበር፤ ከ2023 ወዲህ በባሕር ሥር ኬብል ነው፣ አንቺ ታድለሻል። ማር ግን በፍጹም እንዳትይዢ፤ የደሴቷ ንቦች ከበሽታ የተጠበቁ ስለሆኑ ማር ማስገባት ክልክል ነው። ባለቤቴ ከጎጃም የተላከላትን ጣሳ ለንደን ለእህቷ ትታ ነው የሄደችው፤ ስንመለስ ባዶ ጣሳ ጠበቃት።