ሃምሳ ሎሚ ለአምስት መቶ ሰው

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ትልቅ ክላስተር (ተገናኝተው አብረው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች) ላይ ለማስኬድ የትኛው የማቴሪያል ሲሙሌሽን ሶፍትዌር ይሻላል?» እኔም መልሼ «ማወቅ የፈለጋችሁት ምንድን ነው?» ስላችሁ ፊታችሁ ቅጭም ይላል። ሽማግሌው ሊያመልጠን ነው ብላችሁ ይሆናል። አይደለም። መልሱ ያለው እዚያው ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ ነው።

ስም ተከትሎ መምረጥ እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ መሆኑ ነው፣ አንድ ባልደረባዬ በአንድ ኮድ ሲራቀቅ አየሁና የለመድኩትን ትቼ ያንን ያዝኩ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? ሥራዬን 64 ኮር (የስሌት ክፍል) ያለው ኖድ፣ ማለትም ከክላስተሩ አንዱ ኮምፒውተር፣ ላይ ላክሁት። ወረፋው ደረሰ፣ ሥራው ተነሳ፣ ግን ፈቅ አይልም። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ ለካ የራሴ ነው። 64 የኤምፒአይ ፕሮሰስ፣ ማለትም መልእክት እየተለዋወጡ ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ አስነስቼ የትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ቁጥር ሳልወስን ቀርቻለሁ። የሒሳብ ላይብረሪው በየፕሮሰሱ ሌላ 64 ትሬድ ከፍቷል። 4,096 ትሬድ በ64 ኮር ላይ ሲጋፋ ነበር። አንዲት መስመር ጨምሬ ትሬዱን 1 ሳደርገው በረረ። ዛሬም ሥራ ከመላኬ በፊት መጀመሪያ የማያት ያቺን መስመር ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የምትፈልጉት የኤሌክትሮኖችን ጉዳይ ከሆነ፣ ማለትም የኬሚካል ትስስር ሲፈርስ ማየት ወይም ቁሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ እንደሆነ ማወቅ ከሆነ፣ መንገዳችሁ ዴንሲቲ ፈንክሽናል ቲዎሪ ነው፤ ኤሌክትሮኖችን በእፍጋታቸው በኩል የሚያሰላ የኳንተም ዘዴ። ሆሄንበርግና ኮን እ.ኤ.አ. በ1964፣ ኮንና ሻም በ1965 መሠረቱን ጣሉት። ቫስፕ፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ፣ አቢኒት፣ ሲፒ2ኬ የሚባሉት ኮዶች እዚህ ይመደባሉ። ችግሩ ክብደቱ ነው። በተለመደው አሠራር፣ ሲስተሙ ሲተልቅ የአቶሞቹን ቁጥር እጥፍ ስታደርጉ ስሌቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትሠሩት በጥቂት መቶ አቶሞች ነው።

ስንጥቅ በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ካማራችሁ ግን ሚሊዮን አቶም ያስፈልጋችኋል። ያኔ የአቶሞችን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ወደሚከተለው ሞለኪዩላር ዳይናሚክስ፣ ወደ ላምፕስ ዓይነቱ ኮድ ትሄዳላችሁ። እዚያ የኃይሉ ስሌት በአብዛኛው በቅርብ ጎረቤቶች ላይ ስለሚቆም፣ እጥፍ አቶም እጥፍ ሥራ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ታዲያ ውጤቱ የሚታመነው አቶሞቹ የሚገፋፉበትንና የሚሳሳቡበትን ቀመር ያህል ብቻ ነው። አሁን አሁን ይህን ቀመር ከኳንተም ስሌት በማሽን ለርኒንግ ማስተማር ተለምዷል። በትላልቅ ኮምፒውተሮች ለሚሠራ ስሌት የሚሰጠውን የጎርደን ቤል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሸነፈው ቡድን ሰሚት በተባለው ሱፐርኮምፒውተር ላይ 100 ሚሊዮን አቶም ያንቀሳቀሰው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። ኮር ስለበዛ ሥራ አይፈጥንም። ላምፕስ አቶሞቹ ያሉበትን ሳጥን ቆራርጦ ለየፕሮሰሱ ያድላል፤ እያንዳንዱ በዋናነት የሚያወራው ድንበር ከሚጋራው ጋር ነው። በፕሌን ዌቭ የሚሠሩት፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በማዕበሎች ድምር የሚገልጹት እነ ቫስፕና ኳንተም ኤስፕሬሶ ግን በየዙሩ የፉሪየር ትራንስፎርም (ከማዕበል ወደ ቦታ፣ ከቦታ ወደ ማዕበል የሚመልስ ስሌት) ይሠራሉ። ያን ጊዜ በአንድ ቡድን ያሉ ፕሮሰሶች ሁሉም ከሁሉም ጋር ዳታ መለዋወጥ አለባቸው። አሥር ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢጨባበጡ 45 ጊዜ ነው። መቶ ሲሆኑ 4,950። ስሌቱ አልቆ መጨባበጡ የማያልቀው ለዚህ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ሰምታችኋል። ትይዩ ስሌት ማለት ይኸው ነው። ሎሚው ሃምሳ ሆኖ ሰዉ አምስት መቶ ቢሆንስ? አራት መቶ ሃምሳው እጁን አጣጥፎ ይቆማል፤ ከተመደበላችሁ የኮር ሰዓት ግን ለእሱም ይቆረጣል። የክሪስታል ስሌት ላይ ሎሚዎቹ ኬ ነጥቦች ናቸው፤ የኤሌክትሮኖቹ ማዕበል የሚሰላባቸው፣ በአብዛኛው ለየብቻ ሊሠሩ የሚችሉ ናሙና ነጥቦች። ስድስት ኬ ነጥብ አላችሁ እንበል። ፕሮሰሶቹን በሦስት ቡድን ብትከፍሉ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ይደርሰዋል፤ በሁለት ዙር ያልቃል። «ልጨምርበት» ብላችሁ ሌላ አንድ ቡድን ያህል ኖድ ጠይቃችሁ አራት ብታደርጉትስ? አሁንም ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር አራት ነጥብ ይሠራል፣ በሁለተኛው ሁለት፤ የቀሩት ሁለት ቡድኖች ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በጨመራችሁት ኖድ አንድ ደቂቃ እንኳ አላተረፋችሁም። ስድስት ቡድን ካላደረጋችሁት በቀር እዚያ ላይ መጨመር ትርጉም የለውም።

ሌላው ጣሪያ የአምዳል ሕግ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ የሚታወቅ። ከሥራችሁ 5 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ የዓለምን ኮር ሁሉ ብትሰበስቡ ከ20 እጥፍ በላይ አትፈጥኑም።

ስለዚህ ሰው ያወጣውን የፍጥነት ግራፍ አትመኑ፤ ግራፉ የእሱ ሲስተም ነው። የራሳችሁን ውሰዱና ጥቂት ዙር ብቻ አስኪዱት። በ1 ኖድ፣ በ2፣ በ4፣ በ8። በአንድ ኖድ 800 ሴኮንድ ወስዶ በአራት 250 ከሆነ 3.2 እጥፍ ፈጥኗል፤ ብቃቱ 80 በመቶ ነው፣ ግሩም። በስምንት 200 ከሆነ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ግማሹ ኖድ ለከንቱ እየነደደ ነው። እኔ አራት ላይ አቆማለሁ። አንድ አደራ፦ ፈተናውን በትንሽ ሲስተም ሠርታችሁ ለትልቁ እንዳትፈርዱ። ትንሹ ቶሎ ይደክማል፣ ትልቁ ብዙ ኮር ይሸከማል።

«የትኛው ነው ትክክል የሚያሰላው?» የሚለው ብዙም አያስጨንቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት 15 ኮዶችን በ71 ንጥረ ነገሮች ላይ አወዳድሮ ነበር። አዳዲሶቹ ኮዶችና ዘዴዎች የሰጡት ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እኔ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከሰውየው ነው፤ ካትኦፉን (ስንት ማዕበል እንደሚደመር የሚወስነውን ገደብ) ዝቅ ካደረገው፣ ኬ ነጥቡን ካሳነሰው።

ፈቃድም አለ። ቫስፕ ለምርምር ቡድን በክፍያ የሚሰጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ኳንተም ኤስፕሬሶ፣ ሲፒ2ኬና ላምፕስ ነፃና ክፍት ናቸው። ክላስተራችሁ ጂፒዩ (ስሌት የሚያፋጥን የግራፊክስ ካርድ) ካለው ደግሞ የማን ስሪት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለኤንቪዲያ ብቻ የተጻፈ ኮድ ኤኤምዲ ላይ ስለማይነሳ ከወረፋ በኋላ ማወቁ ያበሳጫል።

ትልቁን ሥራ ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። የሰዓት ገደቡ ሲያልቅ ሲስተሙ አይለማመጥም፣ ሥራውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ትንሿን ሙከራ ራሳችሁ መሐል ላይ ግደሏት። ከዚያ ካስቀመጠችው ፋይል አስነሷት። ካቆመችበት ዙር ከቀጠለች ትልቁን ላኩ። ከዜሮ ከጀመረች ግን ፋይሉ የት እንደሚጻፍና በስንት ዙር አንዴ እንደሚጻፍ እስክታገኙት ድረስ ወረፋ አትያዙ።