ስለ ፕሮፌሽናል የተኩስ ጌም ተጫዋችነት የፈለጋችሁትን ጠይቁ

በካውንተር ስትራይክ (አምስት ለአምስት የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው) ቡድን ውስጥ ለዓመታት የጨዋታ ተንታኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተጋጣሚን ጨዋታ ቅጂ እያየሁ ለአሰልጣኙ ትንታኔ ማዘጋጀት ነው ሥራዬ። ተጫዋቾቹ ከጎኔ ስለሚውሉ ኑሯቸውን በደንብ አውቃለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኤይሜ (ማለትም አነጣጥሮ መተኮሴ) በጣም ጥሩ ነው፣ ጓደኞቼ ሁሉ ፕሮ ሁን ይሉኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። እዚያ ደረጃ ላይ ሲተኩስ የማይስት ሞልቷል። በጌሙ አንዱ ቡድን ቦምብ ያጠምዳል፣ ሌላው ያከሽፋል። ቦምቡ ተጠምዶ 40 ሰከንድ ቀርቷል እንበል። ለማክሸፍ ኪት (የማክሸፊያ መሣሪያ) ያለው 5 ሰከንድ፣ የሌለው 10 ሰከንድ ይፈልጋል። ሦስት ሆናችሁ ሁለት ሰው ወደያዘው ቦታ ልትገቡ ነው። ጎበዙ ልጅ እይታ የሚከልለውን የጭስ ቦምብ ማን እንደሚወረውር፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ኪቱ ማን ጋ እንዳለ ገና ሳይተኩስ በሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ጨርሷል። ቢሞት እንኳ ገዳዩ የት እንዳለ ተናግሮ ዝም ይላል። ሞቶ የሚያማርር ልጅ ግን የቀሩት ጓደኞቹ የጠላትን ኮቴ እንዳይሰሙ ያደርጋል። ቡድን አዲስ ልጅ ሲሞክር እኔ ከነጥቡ በፊት የማዳምጠው ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ማንም ሳያውቀኝ ቡድን እንዴት አገኛለሁ?

መልስ፦ ፕሮዎች ራሳቸው በሚጫወቱበት መድረክ ደረጃህን እየጨመርክ። ኢስቶኒያዊው ሮፕዝ ፌስኢት በሚባለው የኦንላይን መጫወቻ መድረክ ከፕሮዎች ጋር ሲጫወት ያሳየው ብቃት ነው በ2017 ማውስስፖርትስ የሚባለው ቡድን ያስገባው። ሲጀምር ያጭበረብራል ብለው የጠረጠሩት ብዙ ነበሩ። በ2022 ከፌዝ ቡድን ጋር የአንትወርፕን ሜጀር በላ፤ ሜጀር የሚባለው የካውንተር ስትራይክ ትልቁ ውድድር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት አቁሜ ጌም ልጫወት እያለ አስጨነቀኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ደመወዝ የሚከፍል ውል በእጁ ሳይኖር እንዲያቆም አይፍቀዱለት። ውል ከመጣም ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብብልዎት፣ በተለይ የውሉን ርዝማኔና ልጁ ሌላ ቡድን ቢፈልገው የሚጠየቀውን የማስለቀቂያ ክፍያ። ብዙ ልጆች የሚታሰሩት እዚህ ላይ ነው፦ ቡድኑ ተጠባባቂ ያደርጋቸዋል፣ ማስለቀቂያው ስለተቆለለ ደግሞ ማንም አይወስዳቸውም፣ በዚህ መሀል ያ ጥሩው ዕድሜ ቁጭ ብሎ ያልፋል። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ልጁን ግን አይናቁት እባክዎ፣ ሩሲያዊው ዶንክ በ2024 የሻንጋይን ሜጀር ሲያሸንፍ 17 ዓመቱ ነበር። እንደሱ ያለ ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡስ?

መልስ፦ ሰው የሚያየው ሽልማቱን ነው። በ2023 የፓሪስ ሜጀር ጠቅላላ ሽልማቱ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለአሸናፊው 500 ሺህ። እሱም ለአምስት ተጫዋች ይከፈላል፣ እንደ ውሉ ክለቡና አሰልጣኙም ድርሻ ይኖራቸዋል። ኑሮ የሚቆመው በወር ደመወዝ ነው። ሜጀር የደረሰ ደግሞ በጌሙ ውስጥ ከሚሸጡ ስቲከሮች (የጦር መሣሪያ ላይ የሚለጠፉ የቡድንና የተጫዋች ምልክቶች) ያገኛል፤ የሽያጩ ግማሽ ለተጫዋቾችና ለክለቦች ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ በ25 ዓመት አበቃ የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዴንማርካዊው ካሪጋን አንትወርፕ ላይ ዋንጫ ያነሳው በ32 ዓመቱ ነው። እሱ የቡድኑ መሪ ነበር፣ ጨዋታ የሚያነብ ጭንቅላት ደግሞ እንደ ጣት ቶሎ አይደክምም። ከዕድሜ ይልቅ የእጅ አንጓ ያስፈራኛል። ስዊድናዊው ኦሎፍማይስተር በ2016 ከዓለም ምርጦች አንዱ ሆኖ ሳለ በእጁ ጉዳት ለጊዜው ማረፍ ግድ ሆኖበታል። እጅህ ሲደነዝዝ "ነገ ይተወኛል" ብለህ አትጫወትበት፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጥያቄ፦ አንድ የማላውቀው ሰው "አንድ ጨዋታ ልቀቁ (ሆን ብላችሁ ተሸነፉ)፣ እንከፍላችኋለን" አለኝ። ትንሽ ውድድር ነው፣ ማን ያያል?

መልስ፦ ይታያል። በ2014 አንድ የአሜሪካ ቡድን ሆን ብሎ ጨዋታ ለቀቀ። የጌሙ ሠሪ ቫልቭ በጥር 2015 ተሳታፊዎቹን ከሚደግፋቸው ውድድሮች አገዳቸው። ከመካከላቸው ገና ወጣት የነበረና ትልቅ ቦታ ይደርሳል የተባለ ልጅ ነበረበት፤ ምርጥ ዓመታቱን ሜጀር ሳያይ ጨረሳቸው። መልእክቱን እንዳታጠፋው፣ ለሰውየውም መልስ አትስጠው። ስክሪን ሾት አንሳና ዛሬውኑ ለውድድሩ አዘጋጆች ላክ።