በ3ኛው ቀን ኔጌቲቭ፣ በ8ኛው ቀን ፖዘቲቭ፦ የቱን እንመን?

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ባለቤትህን ፈጣሪ ይማራት። ጥያቄህ እንዲህ የሚል ነው፦ ትኩሳት በጀመራት በ3ኛው ቀን የዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው) አንቲቦዲ ተመርምራ ኔጌቲቭ ተባለች፤ በ8ኛው ቀን ሌላ ቦታ ስትመረመር ፖዘቲቭ ሆነ። የመጀመሪያው ላብራቶሪ ተሳስቷል ወይ?

ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሁለቱም ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል። የአንቲቦዲ ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነት የሰጠውን ምላሽ፣ ማለትም ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አይጂኤም የሚባለው አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ መታየት የሚጀምረው ከ4ኛው ወይም ከ5ኛው ቀን ወዲህ ነው። በ3ኛው ቀን የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር፣ ወይም የቫይረሱን ፕሮቲን የሚይዘው የኤንኤስ ዋን ምርመራ ይሻል ነበር።

ለዚህ ነው እኔ ናሙና ስቀበል መጀመሪያ ማዘዣው ላይ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን የምፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ባዶ ነው። ታካሚውን ስጠይቅ «ሰሞኑን ነው» ይለኛል። አልለቀውም። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ከሥራ እንደቀረ እጠይቀዋለሁ፤ ያኔ ቀኑ ይመጣለታል። ቀኑ የማይታወቅ የአንቲቦዲ ውጤት ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም።

ፈጣን መመርመሪያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዳንዴ አይጂኤምን የሚያሳየው የኤም መስመር በጣም ስስ ሆኖ ይወጣል። በተባለው ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ስስም ቢሆን ፖዘቲቭ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ብቅ ያለ መስመር ግን አይነበብም።

አሁን ወደ ፖዘቲቩ ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዴንጊ፣ ዚካ፣ ቢጫ ወባና ዌስት ናይል የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው። ለአንዱ የተሠራ አንቲቦዲ በሌላው ምርመራ ላይ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባትም እንዲሁ። ስለዚህ ባለቤትህ ክትባቱን ወስዳ ከነበረ ሐኪሟ ማወቅ አለበት። ቺኩንጉንያ ከሌላ ቤተሰብ ስለሆነ ከዴንጊ ጋር እምብዛም አይምታታም። ግን ሁለቱንም የምታስተላልፈው ያቺው ትንኝ ናት፤ አንድ ሰው ሁለቱም በአንዴ ሊይዙት ይችላሉ።

በዚያ ላይ የዴንጊ አይጂኤም ለ2 ወይም ለ3 ወር ደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ፖዘቲቩ የአሁን ሳይሆን የቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ዴንጊ ይዟት ከነበረ ደግሞ አይጂጂ የሚባለው ሌላው አንቲቦዲ ቶሎ ይወጣና አይጂኤሙ ደካማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይታይም። ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን ከፈለገ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ሌላ ናሙና ይወሰድና ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ይለካል። መጠኑ 4 እጥፍና ከዚያ በላይ ከጨመረ ኢንፌክሽኑ የአሁን ነው ማለት ነው። ቫይረሶቹን ለመለየት፣ አንቲቦዲው የትኛውን ቫይረስ እንደሚያከሽፍ የሚያሳይ የኒውትራላይዜሽን ምርመራ አለ፤ እሱን የሚሠሩት ግን ጥቂት ላብራቶሪዎች ናቸው።

ሁለቱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱንም እንዳትጥሉት። ሐኪሙ ዴንጊ አይደለም እስኪል አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰድ፤ የመድማት አደጋውን ይጨምራሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ትኩሳቱ ሲበርድ «ዳነች» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ዴንጊ የሚከፋው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ካያችሁ ምንም ውጤት ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዳት።