ቤተ መጻሕፍት ውሃ ሲገባው፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የጅማ ክረምት ሲበረታ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚመጣው ጥያቄም ይበረታል። ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን እነሆ።

ጠዋት ስንከፍት ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ውሃ ሞልቷል። መጀመሪያ ምን እናንሳ?

ምንም አታንሱ። መጀመሪያ መብራት ይጥፋ። ማጥፊያው ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መግባት ካለባችሁ ግን እሱንም አትንኩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። ቀጥሎ ቧንቧውን ዝጉ። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ካበጠ ሥሩ ማንም አይቁም። ያልረጠቡትን መደርደሪያዎች ላስቲክ አልብሱ። አንድ መጽሐፍ ከቦታው ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱ። ኋላ ንብረት ክፍል ሲጠይቅ መልስ ይኖራችኋል።

ስንት ቀን አለን?

ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት። ሻጋታ ከ48 ሰዓት በኋላ ብቅ ማለት ይጀምራል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከሆነ ይመቸዋል፤ የጅማን ሐምሌ ለምታውቁ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ደግሞ ውሃው ከገባበት እንጂ እናንተ ካያችሁበት አይደለም። ዓርብ ማታ ፈንድቶ ሰኞ የተከፈተ ክፍል ጊዜው አልቋል ማለት ይቻላል።

እኛ ሦስት ሰዎች ነን፣ የረጠበው ብዙ ነው። የቱን እናስቀድም?

ሁሉም ሰው ቀርቦ ያገኘውን ማንሳት ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ደግሞ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። እሱ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ ይገኛል፤ ይቆይ። ቀድሞ የሚወጣው የትም የማይገኘው ነው፦ የንብረት መዝገቡ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የከተማው የድሮ ፎቶዎች፣ በእጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ። የማይተካውን ዝርዝር በደኅናው ጊዜ ጻፉና በር ላይ ለጥፉ። ውሃ ሲመጣ ማሰብ ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ አንጸባራቂ ወረቀት ያላቸውን ለዩ፤ መጽሔት፣ አትላስ፣ የሥዕል መጽሐፍ። እነዚህ እንደተጣበቁ ከደረቁ አበቃ፣ መልሶ የሚያላቅቃቸው የለም። ሳይደርቁ በየገጹ መሃል ወረቀት ይግባባቸው፣ አለዚያ ወደ ማቀዝቀዣ ይሂዱ።

ፀሐይ ላይ ብናሰጣቸውስ?

እህቴ፣ አይሆንም። ውጩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ሽፋኑ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይለቃል። የጅማ ፀሐይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለዝናብ ቦታ ትለቃለች። የከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረግም እንደዚያው ነው።

ይልቅ አካባቢያችን የሞላው የቡና ማድረቂያ አልጋ አለ። ወንፊቱ ከሥርም ከላይም አየር ያሳልፋል። ጣራ ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉበት፣ መጽሐፉን ዘርጉበት። ዳሩ ብቻ የረጠበውን ገጾቹን በትንሹ ከፈት አድርጋችሁ አቁሙት። ሙልጭ ብሎ የረጠበው ግን መጀመሪያ ይተኛ፣ ከቆመ ይቀደዳል። በየ20 ገጹ ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አስገቡና ሲረጥብ ቀይሩ። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ይለጠፋል። ብዙም አትጠቅጥቁ፣ ጥራዙ ይፈነዳል። ቬንትሌተር ካለ አየሩን ያንቀሳቅስ እንጂ መጽሐፉ ላይ አይነጣጠር። ውጭ እየዘነበ መስኮት መክፈት ግን እርጥበት መጋበዝ ነው።

ሥጋ ቤት ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ ማስገባት እውነት ነው ቀልድ?

እውነት ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል በማጥፊያው ውሃ የረጠቡ 700,000 ያህል መጻሕፍት ተለቅመው በረዶ ቤት ገብተዋል። ቅዝቃዜው መጽሐፉን አያደርቅም፤ ሻጋታውን ያስቆማል፣ ቀለሙንም ባለበት ይይዛል። ለእናንተ የሚሰጣችሁ ጊዜ ነው። እያንዳንዱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ጀርባውን ወደ ታች አድርጉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። ኋላ ጥቂት ጥቂቱን እያወጣችሁ ታደርቃላችሁ። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ ግን ጄኔሬተር ያለው ቦታ ፈልጉ።

የአያቴ ኪታብ ረጥቧል። በእጅ የተጻፈ ነው፣ አረብኛ።

ወንድሜ፣ ገጾቹን ለመግለጥ አትሞክር፤ በሶፍትም አትጫነው። የእጅ ጽሑፍ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊሟሟ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስተኛውና ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ላሉት የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ደውል። ብራና ከሆነ ደግሞ ሙቀት አታሳየው፤ ቆዳ ስለሆነ ይኮማተራል።

ሻጋታውን በበረኪና ብንጠርገው?

በረኪና ወረቀት ይበላል። እርጥቡን ሻጋታ አትሹት፣ ይሠራጫል። መጽሐፉ ይድረቅ፣ ከዚያ ውጭ አውጥታችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ማስክና ጓንት አድርጉ። አስም ያለበት ሰው አይቅረብ።

የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነስ?

የሚተካው ይወገድ፤ ግን በኮሚቴ ተመዝግቦ። መዝገብ ላይ ያለ ንብረት ዝም ብሎ አይጣልም።

ለከርሞ ምን እናድርግ?

አሸንዳው ከሰኔ በፊት ይጠረግ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከመታጠቢያ ቤት ሥር ወይም ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ መደርደሪያ ካለ አንሱት። መጻሕፍቱንም መደርደሪያው ላይ በጣም አታጣብቁ፤ የረጠበ ወረቀት ያብጣል፣ ሲያብጥ መደርደሪያውን ራሱን ገንጥሎ ይወጣል።