ጋንጋ የጠየቀችው ሁለተኛው ጥያቄ

በቅርቡ አንድ ወጣት የውሃ መሐንዲስ «ጋሼ፣ ለማስተርስ ወደ ህንድ ልሄድ ነው፤ ከትምህርቱ ሌላ ምን ላንብብ?» ብሎ ጻፈልኝ። ስለ ቪዛውና ስለ ሙቀቱ ጓደኞቹ ይነግሩታል። እኔ «ፑራናዎችን አንብብ፤ ከተቻለ ደግሞ ሲነበቡ ስማ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሳኝ።

ፑራናዎች የሂንዱ እምነት ቅዱሳት ታሪኮች የተሰበሰቡባቸው መጻሕፍት ናቸው። ታላላቆቹ 18 ናቸው ይባላል። የዓለም አፈጣጠር፣ የአማልክት ውጊያ፣ የነገሥታት ዘር፣ የተራራና የወንዝ ታሪክ ሁሉ እዚያ አለ። የተጻፉት በሳንስክሪት ነው። ሕዝቡ ግን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ነው የሚያውቃቸው።

እኔም የውሃ ምህንድስና የተማርኩት ሰሜን ህንድ ውስጥ ሩርኪ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋን፣ ሂንዱዎች እንደ አምላክ ከሚያከብሯት ከጋንጋ (ጋንጅስ) ወንዝ የተጠለፈውና በ1854 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጋንጋ ቦይ ያቋርጣታል፤ ዳር ላይ ትልልቅ የድንጋይ አንበሶች ተቀምጠዋል። አመሻሽ ላይ እዚያ ስንሸራሸር የተዋወቅናቸው አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። «ቤታ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ እንደማለት። አንድ ቀን ሃሪድዋር በምትባለው የጋንጋ ዳር ቅድስት ከተማ፣ ዘመዶቻቸው ያዘጋጁት የባጋቫታ ፑራና ንባብ ላይ ይዘውኝ ሄዱ።

ይህ መጽሐፍ በሰባት ቀን ተነብቦ የሚያልቅበት ሥርዓት አለው። ፓሪክሺት የሚባል ንጉሥ ውሃ ጠምቶት አንድ ባሕታዊ ጋ ይደርሳል። ባሕታዊው በተመስጦ ላይ ስለነበር አልመለሰለትም። ንጉሡ ተናዶ የሞተ እባብ አንገቱ ላይ ጣለበት። የባሕታዊው ልጅ ይህን ሲሰማ «በሰባተኛው ቀን እባብ ይግደልህ» ብሎ ረገመው። ንጉሡ ዙፋኑን ትቶ ጋንጋ ዳር ተቀመጠና የቀረውን ዕድሜውን ይህን ታሪክ ሲሰማ አሳለፈ። ሊሞት ቀን የተቆረጠለት ሰው ታሪክ መስማትን ይመርጣል! እስካሁን ይገርመኛል።

ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ነጠላ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንባቢው ሳንስክሪቱን በዜማ ይላል፤ ከዚያ በሂንዲ ያብራራል። መምህሩ በጆሮዬ በእንግሊዝኛ ይነግሩኛል። በቅጠል ሳህን ትኩስ የሰሞሊና ጣፋጭ ታደለን፤ ቅቤው በጣቶቼ መሃል ይወርድ ነበር።

የዚያን ዕለት የተነበበው የጋንጋ አወራረድ ነበር። የንጉሥ ሳጋራ 60,000 ልጆች ተቃጥለው አመድ ሆነዋል። ነፍሳቸው የምታርፈው የጋንጋ ውሃ ከነካቸው ብቻ ነው። ከሳጋራ ዘር የሆነው የባጊራታ አያትና አባት ውሃዋን ለማውረድ ሞክረው ሳይሳካላቸው ሞቱ። ባጊራታ ግን ጸንቶ ለመነና ጋንጋ ተገለጠችለት። «ከሰማይ ስወርድ ጉልበቴን ማን ይሸከማል? ያለዚያ ምድርን ሰንጥቄ አልፋለሁ» አለችው። ብድግ አልኩ። ያን ሰሞን እንዲያው የምንማረው ይህንኑ ነበር፤ ከግድብ የሚወርድ ውሃ ሥሩን ቦርቡሮ እንዳይጥል ጉልበቱ እንዴት እንደሚበርድ። «ሺቫ የሚባለው አምላክ በራሱ ላይ ይቀበላታል» አሉኝ መምህሩ። አንባቢው ገና ማብራሪያውን ሳይጨርስ የአውቶቡስ ሰዓት ደረሰ። ጠዋት ፈተና ነበረኝ። «የቀረውን ነገ ትሰማለህ» አሉኝ። ነገ አልሄድኩም፤ ከዚያም በኋላ ዕድሉ አልገጠመኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ ትርጉሙን ሳነብ ሁለተኛ ጥያቄ እንደነበራት አየሁ። «ሰዎች ኃጢአታቸውን በእኔ ይታጠባሉ። እኔስ እሱን የት እታጠበዋለሁ?»

ሥራዬ ሁሉ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነበር፤ ግድብ፣ ጎርፍ፣ የውሃ ጉልበት። ፋብሪካና መጸዳጃ ቤት የሚለቁበት አቃቂ ወንዝ ግን በሰፈሬ በኩል እየሸተተ ያልፋል። ህንድ ውስጥ ካንፑር ከተማም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ራሷን ጋንጋን ሲበክል ኖሯል። ያን ምሽት ሁለተኛውን ጥያቄ ብሰማ ሌላ መሐንዲስ እሆን ነበር አልልም። ግን በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ከሚያምን ሰው አፍ፣ ሕዝቡ መሃል ተቀምጬ ብሰማው ምንኛ ደስ ባለኝ። ቁጭቱ አለቀቀኝም።

የዛሬ ልጆች የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ «አውቀዋለሁ» ስትሉ ያበሳጨኛል። ባጋቫታ በትውፊት 18,000 ስንኝ ነው የሚባለው። ሆኖም ከባዶ ይሻላል፤ ሙሉው ከከበዳችሁ ለልጆች በሥዕል ከተዘጋጁት ጀምሩ። ሙሉ ትርጉሙ ስልካችሁ ላይ መገኘቱ ደግሞ እኛ ያላገኘነው ዕድል ነው።

ሰው ፊት «ተረት» አትበሉት። ለእነሱ ጸሎት ነው። ተቀምጦ መስማት ደግሞ የማንንም ሃይማኖት አያስለቅቅም፤ እኔ ሃይማኖቴን ሳልለቅ ተመልሻለሁ።

ባጊራታ ለሁለተኛው ጥያቄ የሰጠው መልስ አለ። አምላክን በልባቸው የያዙ ቅዱሳን ሲታጠቡብሽ ኃጢአቱን ያነሱልሻል ይላታል። እንደ መሐንዲስ አልበቃኝም። አንባቢዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ምን ብለው እንደሚያብራሩት ግን አልሰማሁም። ሃሪድዋር ንባብ ካገኘህ፣ ልጄ፣ እስከዚያች ቦታ ድረስ ተቀመጥና የሚሉትን ጻፍልኝ።