መልስ፦ ቫክዩም ቱቦው ከተጠገነ ወዲህ ሚኒሞው የሚዋዥቅ ሃያስ

ከሱሉልታ ሰው የምትጭንበት ሃያስ ቫክዩም ቱቦው (የሞተሩን መሳብ የሚያስተላልፈው) ተሰንጥቆ በናስትሮ (በሚጣበቅ ፕላስተር) ከተጠቀለለ ወዲህ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል ብለሃል። ችግሩ ያ የተጠቀለለው ቱቦ ነው፤ ካርቦሬተሩን አትነካካ። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ክፍል) አጠገብ በፒንሳ በቀስታ ጨምቀው። ሚኒሞው ከተረጋጋ አየር የሚያስገባው ከዚያ ወዲያ ነው።

ናስትሮ በሞተር ሙቀት ሙጫው ይለቃል። የተሰነጠቀው ጫፉ ብቻ ከሆነና ቱቦው ትርፍ ካለው፣ 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጠህ መልሰህ ሰካው። መሃሉ ከሆነ ሙሉውን ቀይር፤ ግድግዳው ወፍራም የቫክዩም ጎማ ይሁን። የውሃ ላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልስና በመሳቡ ይጣበቃል።

ቱቦው ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን መርገጡን የሚያቀልለው ክፍል) የሚሄደው ከሆነ ግን ጥገና አይታሰብም፤ ከሱሉልታ የእንጦጦን ቁልቁለት ሰው ጭነህ ነው የምትወርደው። ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉን 4 ጊዜ ርገጥ፣ እንደረገጥክ አስነሳ። ፔዳሉ ትንሽ ካልሰመጠ ሰርቮው ቫክዩም አላገኘም ወይም ራሱ አይሠራም። ቱቦው ላይ ያለው፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ተገልብጦ ተገጥሞም ሊሆን ይችላል፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት።