የአከራዬ መልእክት ሰምና ወርቅ ነው ወይስ አሽሙር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። አከራዬ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም «ልጄ፣ የቤት ኪራይ ዘንድሮ እንዴት ተወደደ! ጎረቤቶች እንኳ ሁለቴ ጨመሩ» ብለው ጻፉልኝ። ጓደኛዬ ሰምና ወርቅ ነው ይላል። እኔ ግን አሽሙር መሰለኝ። የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። መጀመሪያ ማየት ያለብህ ሁለተኛው ትርጉም የት እንደተቀመጠ ነው። በሰምና ወርቅ የሚቀመጠው ቃሉ ላይ ነው። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን በቦታው ያፈስበታል። ቅኔም ላይ አንድ ኅብር ቃል ሰሙንም (ላይ ላዩን የሚታየውን ትርጉም) ወርቁንም (የተደበቀውን) ይሸከማል።

ከዚያው ከከተማችሁ ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ልጅ ለሚወዳት «ሐይቅ ዳር የጠራሁሽ ለዋናው ነው» ብሎ ጻፈ እንበል። «ና» ሲላላ ውሃ ገብቶ መዋኘት ነው። ሲጠብቅ ግን ዋናው ጉዳይ፣ የልቡ ነገር ነው። እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ምላስህ የግድ አንዱን ይመርጣል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። «ገና» እና «ሰፊ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ ይሄን የፊደላችን ጉድለት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን በፍጹም አልስማማም፣ ለጸሐፊ እኮ ትልቅ ሀብት ነው።

ጓደኛህን ያሳሳተችው «ተወደደ» ትሆናለች። እውነት ነው፣ ውድ ሆነም ተፈቀረም ማለት ትችላለች። እዚህ ግን የምትሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ጭማሪ የሚለው ሐሳብ ያለው ቃሉ ላይ ሳይሆን በእናንተ መካከል ነው፦ እሳቸው አከራይ፣ አንተ ተከራይ። ያንኑ ነገር ባጃጅ ውስጥ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ቢልህ ተራ ወሬ ነበር። ይሄ ነገርን በዘወርዋራ መናገር ነው፤ «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» እንደሚባለው።

አሽሙር ደግሞ መውጋት አለበት። «አንዳንድ ሰውማ በድሮ ዋጋ ተንደላቆ ይኖራል» ቢሉህ ኖሮ አሽሙር ነው እልህ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ» ብለው ነው የጀመሩት። በጽሑፍ ድምፅም ፊትም ስለማይታይ እንዲህ ያለችው ትንሽ ቃል ብዙ ትናገራለች። ስለዚህ ቅር ሳትሰኝ «እትዬ፣ የእኔን ስንት አሰቡት?» ብለህ በቀጥታ ጠይቃቸው።